ኩበት ሻጮቹ አልደወሉም

ይድረስ ማይክ ለመያዝ ለምትጓጉት ልጆቼ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴና ከደብረ ብርሃን ውርጭ በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ቤቴ ድረስ መጥታችሁ «ጋሼ፣ የጠዋት የውይይት ፕሮግራም እንዴት ነው የሚሠራው?» ስትሉኝ፣ ከስርጭት በፊት ቆሎ ስላለመቆርጠም፣ ለብ ያለ ውኃ ስለመጠጣት፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ስለመራቅ አወራሁና ቡና አጠጥቼ ሸኘኋችሁ። ከሄዳችሁ በኋላ አፈርኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሬዲዮ ላይ የኖረ ሰው ለልጆች የሚያወርሰው «ቆሎ አትብሉ» ነው? ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን እጽፈዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ጡረተኛ ደግሞ ጊዜ አያጣም።

በአንድ ጠዋት ልጀምር።

ፕሮግራማችን የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የዕለቱ ርዕስ የከተማ ጽዳት ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አያስቀይምም፣ ስልክ ያስደውላል ብዬ። አስደወለም። የመጀመሪያው ደዋይ የኩበት ሻጮችን ነገር አነሣ፤ በዋናው መንገድ ዳር እየዘረገፉ ከተማዋን አበላሿት አለ። ሁለተኛው ተቀበለውና «እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ኩበት ነው» አለ። ሦስተኛዋ፣ አነጋገሯ የተማረ ሰው ነው፣ ስለ ጤና አስረዳች። አራተኛው «ማዘጋጃ ቤት ምን ይጠብቃል? ይከልክላቸው እንጂ» ብሎ ተቆጣ። እኔም በዚያ በወፍራሙ ድምፄ «እንግዲህ ሕዝቡ ተናግሯል፤ የሚመለከተው አካል ጆሮ ይስጥ» አልኩና ዘፈን አስገባሁ። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጥሩ ጠዋት ነበር።

ምሳ ሰዓት ቤቴ ስገባ ባለቤቴ እየጋገረች ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ሰማሁህ» አለች።

ዝም አልኩ።

«ይኸ ምጣድ የሰማው በማን ኩበት ነው?»

አሁንም ዝም። እሷ ግን አክንባሎውን ገጠም አድርጋ ቀጠለች፤ «አንተ ‹ሕዝቡ ተናግሯል› ስትል ሴቶቹ እኮ ኩበታቸውን አዝለው ዳገት ላይ ነበሩ። በየትኛው እጃቸው ይደውሉ?»

ልጆቼ፣ እኔ በየስልጠናው ተቀምጬ ያላገኘሁትን ትምህርት ያገኘሁት እዚያ ምጣድ ዳር ነው። አድማጭ ደወለ ማለት ሕዝብ ተናገረ ማለት አይደለም። ይህን የሚያውቅ አዘጋጅ ጥቂት ነው፤ እኔም ያወቅሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በጠባሴ በኩል ወጣሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ በኅዳር ማለዳ መቅረጫ የያዘ ጣት አይታዘዝም። አንዲት እናት በማዳበሪያ የሞላ ኩበት አዝለው ይመጣሉ። (ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» እንደምንለው ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ።) «እናቴ፣ ትናንት በሬዲዮ ስለ እናንተ ሲወራ ሰምተዋል?» አልኳቸው። «ሬዲዮ የምሰማው ጎረቤት ሲከፍት ነው፤ ምን አሉን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እኛስ መንገድ ዳር መቀመጥ ወደን ነው? ድሮ የምናወርድበት ሜዳ ነበረን፤ ሕንፃ ሲሠራበት ተነሡ አሉን። ወዴት እንደምንነሣ ግን የነገረን የለም» ብለው ሸክማቸውን አስተካክለው አለፉ።

አያችሁ? አራቱም ደዋዮች አልዋሹም። ኩበቱ መንገድ ዳር ነበር፤ ሽታውም አቧራውም ነበር። ያ ሜዳ ግን ከአራቱም አፍ አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእናትየውን ድምፅ በማግስቱ ሳሰማ ያቺ ስለ ጤና ያስረዳችው ሴት እንደገና ደወለች። «አላወቅሁም ነበር» አለች። በሬዲዮ ዘመኔ ይህን ቃል ከደዋይ አፍ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያም ነገሩ ሌላ ነገር እየጎተተ መጣ። ኩበት የሚነደደው በደጋው እንጨት ስለሌለ ነው፤ ባሕር ዛፉ አጣና ሆኖ ለገበያ ይሄዳል። ኩበት ሆኖ የነደደ እበት ደግሞ ወደ ማሳው አይመለስም። ስለዚህ ሰኔ ላይ «ማዳበሪያ ዘገየብን» ብሎ የሚደውለው ገበሬና ኩበቷን በማዳበሪያ ከረጢት አዝላ የምትመጣው ሴት አንድ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ አንዱን ሰኔ ላይ «ግብርና» ብዬ፣ ሌላዋን ኅዳር ላይ «ጽዳት» ብዬ፣ ባልና ሚስቱን በሁለት ርዕስ ለያይቼ ኖሬያለሁ።

እስቲ አስቡት፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እጁም ስልኩም ነፃ የሆነ ማን ነው? ሱቁን የከፈተ ነጋዴ፣ ቢሮ ሊገባ የተዘጋጀ ሠራተኛ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሾፌር፣ እንደ እኔ ያለ ጡረተኛ። የጅሩ ገበሬ በዚያ ሰዓት ጥቁር አፈሩ ከእግሩ ጋር እየተጣበቀ ከበሬው ጋር ይታገላል። የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ እንቅልፉን ፍለጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ሬዲዮውን ትሰማለች፤ ስልኩ ግን የእመቤቷ ነው።

የእኛ ሰው ክርክር ይወዳል። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቹ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ ሲያፈሰው መንገደኛው ጉዞውን ትቶ ይሰማ ነበር። የጠዋት ፕሮግራም የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ይረታል። ይኸው አገር ግን አፈርሳታም ነበረው። ሌብነት ሲደርስ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ድኻውን ሥራ የሚያስፈታ አስጨናቂ ሥርዓት ነበር፤ አልናፍቀውም። አንዲት ነገሩን ግን እወድለታለሁ፤ ገና ማንም ሳይናገር የቀረው ይቆጠራል። ነገሥታቱስ «እረኛ ምን አለ?» ሲሉ እረኛው ቤተ መንግሥት ድረስ መጥቶ ይናገር ነበር እንዴ? ሰው ነው ሜዳ ወርዶ ጆሮውን የሚጥለው።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። ባለ ሰማያዊ ልባስ ተራ ደብተር። ደዋዩ ማን እንደሆነ አይደለም፣ ከየት እንደደወለ ብቻ እጽፋለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ «ሕዝቡ» የምለው አብዛኛውን ጊዜ አሥር አሥራ አንድ ሰው ነው። ድምፃቸውን ስለማውቅ ስማቸውን ሳይናገሩ ሰላም እላቸዋለሁ። ደግሞ እነሱን ለመናቅ አትቸኩሉ። አንዱ ቋሚ ደዋያችን፣ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ቀበሌው ድልድይ ሳያነሣ ስልክ አይዘጋም። ስለ ስፖርት ስናወራ ድልድይ፣ ስለ ፋሲካ ገበያ ስናወራ ድልድይ። በአየር ላይ ቀልጄበታለሁ፤ «ዛሬስ ድልድዩ እንዴት አደረ?» እያልኩ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ድልድዩ ሄደ። እሱ ከዚያ በኋላ አልደወለም። ድምፁን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።

የተራራውንም ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዝምታ ሁልጊዜ የሰው ዝምታ አይደለም። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራ ሞገድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተራራ ሲያጋጥመው ይቀራል። እናንተ ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ጣሊያን የሠራውን ባለ 587 ሜትሩን ዋሻ ጨርሳችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሬዲዮው መንሾካሾክ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ1,300 ሜትር ብዙም የማይርቅ ከፍታ ላይ ናችሁ፤ አገሩ ሌላ፣ አየሩ ሌላ፣ ችግሩም ሌላ። ልጅ ሳለሁ ቀዬአችን ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንከተዋለን። የምንሰማው በ1955 ጀምሮ በ1969 የተወረሰውን ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌልን ነበር፤ አጭር ሞገድ ከሰማይ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ገደሉም ተራራውም አያግደውም። ኤፍ ኤም ድምፁ የጠራ ነው፤ ቆላው ግን ከደጁ ቀርቷል። ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ ከቀወት ወረዳ አልተደወለልኝም ብላችሁ ስትገረሙ መጀመሪያ የማሰራጫውን ማማ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ሐምሌ ነው። ጣርማበር ላይ ሐምሌ ማለት ጉም ማለት ነው፤ ሾፌር የራሱን የመኪና አፍንጫ አያይም። አንድ ሰው ደወለና «መንገዱ በናዳ ተዘግቷል፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል» አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነው። አመሰገንኩት፤ ከዚያም በየአሥራ አምስት ደቂቃው ደገምኩት፤ ለሕዝብ ያገለገልኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፍቶ። ናዳ አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና በጉሙ ፈርቶ ዳር ይዞ ቆሟል፤ የኋላው እሱን አይቶ ቆመ፤ ከኋላ ያለው ሰው ናዳ መስሎት ደወለ። ጉሙ ሲገለጥ ሁሉም ሄደ። በማግስቱ አንድ ነጋዴ ቢሮዬ መጣ። ከሸዋ ሮቢት ቲማቲም የጫነ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ከእኛ ሬዲዮ የሰማ ዘመዱ በስልክ ነግሮት፣ መንገድ እስኪከፈት ብሎ አድሯል። አንድ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጭማቂው ወረቀቴ ላይ ወረደ። ምንም ሳይናገር ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደዋይ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ «በዓይንዎ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ሰው ይህን ሲጠየቅ አይዋሽም፤ ያመነታል። «እ... ጓደኛዬ ነው የነገረኝ» ይላል። በቃ፣ አድማጩ ራሱ ይመዝነዋል። እናንተም ሳታረጋግጡ አትድገሙት። ደዋይ አንዴ ሲናገረው ወሬ ነው፤ አዘጋጁ ሲደግመው ዜና ይሆናል። ከተሳሳታችሁም እርማቱን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ተናገሩ። ስህተቱን 1 ሰዓት ላይ አስተጋብቶ እርማቱን ቀትር ላይ፣ ከማስታወቂያ በኋላ፣ በሌላ ሰው አፍ ማንበብ የተለመደ ብልጠት ነው፤ አድማጭ ግን ያውቃል። ሕጉን እንኳ አንብቡት፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 በብሮድካስት የተሠራጨን ሐሰት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። እኔን ግን ያስተማረኝ ቲማቲሙ ነው።

በ2013 አጣዬና አካባቢው በተቃጠለ ሰሞን ደግሞ ሌላ ዓይነት ስልክ መጣ። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞልታለች። ደዋዩ ያለቅሳል፣ ይራገማል፤ «እነሱ» ይላል። ይህን ቃል ስትሰሙ እጃችሁ ከፌደሩ፣ ከድምፅ መቀነሻው፣ አይራቅ። ትልልቅ ጣቢያዎች ድምፁን 7 ሰከንድ ያህል የሚያዘገይ መሣሪያ አላቸው፤ ክፉ ቃል አየር ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል። እኛ ዘንድ የነበረው ማዘግያ የቴክኒሻኑ ጣት ነው። እኔ ግን ወዲያው መቁረጥን አልመክርም። ያዘነ ሰው ፊት ስልክ መዝጋት በር እንደመዝጋት ነው። «ወንድሜ፣ ያደረገው ሰው ነው፤ ሰውየውን ያውቁታል? ምን ሲያደርግ አዩ?» ስለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ«እነሱ» ወርዶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ላሙ፣ ወደ ተቃጠለው ጎተራው ይመለሳል። የሚመለስ ካልሆነ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ይቅርታ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ቆርጫለሁ። አንዴ ደግሞ ቸኩዬ ቆርጬ፣ ሰውየው ሊል የነበረው «እነሱ ናቸው ልጄን ያተረፉልኝ» እንደነበር በኋላ ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

በዚያው ሰሞን መጠለያው ድረስ መቅረጫ ይዤ ሄድኩ። አስተያየት እቀርጻለሁ ብዬ ነው፤ ስለ ሰላም፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ወደፊቱ። አንድ አባት «አስተያየት የለኝም፤ የልጄን ስም አንብብልኝ፣ ባለበት ሆኖ ከሰማ እዚህ እንዳለሁ ይወቅ» አሉኝ። ከኋላቸው ሰልፍ ተያዘ። የዚያን ቀን ሙሉ ስም ጻፍኩ። በማግስቱ ውይይት አልነበረም፤ ስም ብቻ አነበብኩ። አለቃዬ ፕሮግራሙ ደረቅ ሆነ አለኝ። ይሁን።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማዳምጠው እንደ ማንም ሰው ነው፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ። በቅርቡ አንድ ወጣት አዘጋጅ «ከዚያ አካባቢ ዛሬ የደወለ የለም፤ ሰላም ነው ማለት ነው» ሲል ሰማሁት። ከትራሴ ብድግ አልኩ። በእነዚህ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ኔትወርክ ስንት ጊዜ ጠፋ? መንገድ ስንት ጊዜ ተዘጋ? ስልክ ያልጮኸበት ወረዳ ሰላም ያደረ ሊሆን ይችላል፤ አፉ የተያዘም ሊሆን ይችላል። «ከዚያ በኩል መስመር የለም፤ ስለዚህ የምናውቀው ነገር የለም» ማለት ይቻላል እኮ። አዘጋጅ «አናውቅም» ሲል አያንስም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የሞከርኩትን ልንገራችሁ፤ የተሻለ ታገኙ ይሆናል። ሚስኮል አድርጉልን፣ እኛ እንደውላለን አልን፤ ካርድ የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። (የስልክ ሒሳቡ ሲመጣ ሒሳብ ክፍል የሞቱ ያህል ጮኹ፤ ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተፈቀደ።) ቅዳሜ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ የጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያ ሄዶ መቅረጽ ጥሩ ነው። ወፍጮ ቤት ድምፅ ይረብሻል፤ ሴቶቹ ግን ተራ ሲጠብቁ ጊዜ አላቸው፣ እዚያ የሚወራው ደግሞ ከየትኛውም ስብሰባ ይበልጣል። ስትሄዱ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ «ዛሬ ምን እያወራችሁ ነው?» በሉና ቁጭ በሉ። የቀረጻችሁትንም ስትቆርጡ እጃችሁን ጠብቁ፤ ስድስት ሰው ቀርጾ የሚፈልገውን አንዱን ብቻ የሚያሰማ አዘጋጅ ከአሥራ አንዱ ቋሚ ደዋይ በምን ይሻላል?

የስፖንሰርና የአለቃ ነገር ብዙ ነው፤ እሱን በቡና እንጂ በደብዳቤ አላወራውም።

ከቴክኒኩ በኩል አንዲት ነገር ብቻ። ደዋዩ ሬዲዮውን ከፍቶ ሲያወራ ድምፁ ዞሮ ይመለስና ራሱን ሲሰማ ይደነግጣል፤ መስመሩም ይጮኻል። «ሬዲዮውን ይቀንሱ!» ብላችሁ አትጩኹበት። ሰውየው ስሙ ሲጠራ ልጆቹ እንዲሰሙለት ብሎ ነው የከፈተው። ቀስ ብላችሁ፣ «አባባ፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል ሆነው ይስሙ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ይጫወቱ» በሏቸው። ሁልጊዜ ይሠራል።

ያ ሰማያዊ ደብተር እስካሁን ቤቴ ነው፤ ከሣጥኑ ሥር፣ ከባለቤቴ ባና አጠገብ። ሦስት ሆኗል በነገራችሁ ላይ። የእንዋሪ ገጽ ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ወጥቷል፤ አረርቲ ደህና ነው፤ መሐል ሜዳ ከበዓል በፊት ብቻ ይሞላል፣ የበግ ዋጋ ነው። ግሼ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ሦስት ጥሪ ብቻ አላት፤ ከሦስቱም አንዱ ባንክ መስሎት የደወለ ሰው ነው። ስለ ሒሳቡ ጠይቆኝ፣ ሬዲዮ መሆኑን ስነግረው «ኧረ? ደግሞ ከእኛ ምን ልትሰሙ?» ብሎ ዘጋው። መልሼ ደወልኩለት፤ መስመሩ አልገባልኝም። ቁጥሩን ከገጹ ጥግ ጽፌዋለሁ። ደብተሩን የሚወስድ ከመካከላችሁ ካለ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ጠዋት ሬዲዮ እሰማለሁ።